ክብሪቱ የጠፋበት ዓመት

የመጀመሪያው ምልክት የጣቶቿ ነገር ነበር። ለስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ማስታወሻ እያጻፍኩ ሳለ፣ የሌላው ተማሪ ሁሉ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ የታናሽ እህቴ የወይንሸት እጅ ቆመ። ዐይኖቿ ክፍት ናቸው፤ መስኮቱን የምታይ ትመስላለች። ጣቶቿ ግን የደንብ ልብሷን ጫፍ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። ስሟን ጠራሁ። አልመለሰችም። ጥቂት ቆይታ ዐይኗን አርገበገበችና አጠገቧ የምትቀመጠውን ዘይነባን «የት ደረስን?» ብላ ጠየቀቻት።

ዘይነባ አባቷ ከአሊዩ አምባ መጥቶ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ፣ ለመልስ የማትቸገር ልጅ ነበረች። «እኛ ቅጠሉ ላይ ነን፤ አንቺ ጣርማ በር ደርሰሽ ተመለስሽ» አለቻት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ከደጋ ለመጣች ልጅ የቆላው ሙቀት ከብዷት ነው ብዬ አለፍኩት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በመምህርነት የተመደብኩት ሸዋ ሮቢት ሲሆን፣ ደብረ ሲና ከሚኖሩት ወላጆቻችን ዘንድ ወይንሸትን ያመጣኋት አብራኝ እየኖረች እንድትማርና በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠውን የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እንድትወስድ ነበር። ይህን የምጽፈው ልጃቸው፣ ወንድማቸው ወይም ተማሪያቸው ድንገት ወድቆ ላዩ፣ ምን እንደሚያደርጉም ላላወቁ ሰዎች ነው። ያኔ እኔም አላወቅሁም ነበር።

ሁለተኛው ምልክት ማንም የማይስተው ነበር። ጠዋት ባንዲራ ለመስቀል ተሰልፈናል። ወይንሸት ጮኸች። ወደቀች። ሰውነቷ ግትር አለ። ከዚያ መንዘፍዘፍ ጀመረች። ከአፏ አረፋ ወጣ። ሰልፉ ተበተነ።

«አትንኳት! ለሃጩ ይጋባል!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌላው ደግሞ «ክብሪት! ክብሪት የያዘ!» ይላል። እየሮጥኩ ስደርስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ደምሴ ቀድመውኛል። የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው የክብሪት ጭስ ሲያሸት ይነቃል ይባላልና ክብሪቱን ጭረው ከአፍንጫዋ ሥር ያዙት። ሰው ሁሉ ሲሸሽ የቀረቡት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ በቸርነት እንዳደረጉት አልጠራጠርም። ነገር ግን የሚንዘፈዘፍ ጭንቅላት አንድ ቦታ አይቆምም። እሳቱ የላይኛውን ከንፈሯን ነካው። መንዘፍዘፉ በራሱ ጊዜ ቆመ፤ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ ሆነ።

በማግስቱ ቅጽል ስም ወጣላት። የከተማው መብራት ከጄኔሬተር ይመጣ ነበር፤ ጄኔሬተሩም እንደፈለገው ይጠፋል፣ እንደፈለገው ይበራል። ወይንሸትን «ጄኔሬተር» አሏት። አብሯት የሚቀመጥ ጠፋ። ዘይነባ ብቻ ከቦታዋ አልተነሳችም። «ቦታው መስኮት ዳር ነው፤ ነፋሱን ለማንም አልለቅም» አለች። የፍቅር አነጋገሯ እንደዚያ ነበር።

ሐኪም እንዲያያት ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ወጣን። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ፣ በጨለማው መካከል ብትወድቅ እንዳትጎዳ ብዬ የእጇን አንጓ ያዝኩ። «እታለም፣ አይዞሽ፤ እኔ ደህና ነኝ» አለችኝ። ያጽናናችኝ እርስዋ ነበረች።

ሐኪሙ ከሁለታችንም ብዙ ጠየቁ። ሲጀምራት ምን እንደሚሰማት፣ እኔ ምን እንዳየሁ፣ ጣቶቿ ምን እንደሚያደርጉ በዝርዝር ሰሙ። ኢ.ኢ.ጂ. የሚባለው የአንጎል ምርመራ ተደረገላት። ከዚያ ፊት ለፊቷ፣ እርስዋም እንድትሰማው አድርገው ተናገሩ።

«ይህ ኤፒለፕሲ ነው። የአንጎል የኤሌክትሪክ ሥራ ለአፍታ ሲዛባ የሚመጣ ሕመም ነው። በንክኪም፣ በትንፋሽም፣ በለሃጭም አይተላለፍም።» ቀጥለው ከንፈሯን ተመለከቱ። «ይህስ?»

«ክብሪት» አለች ወይንሸት።

አልተቆጡም። «ይህ ቁስል የበሽታው አይደለም፤ የእኛ ነው። በሽታውን እኔ በክኒን ልገታው እሞክራለሁ፤ ክብሪቱን ማጥፋት ግን የእናንተ ሥራ ነው» አሉኝ። ማታ ማታ የምትወስደው ፊኖባርቢታል የሚባል ክኒን አዘዙላትና በሩ ድረስ ሸኝተውን ደገሙልን፤ «ክኒኑን በድንገት እንዳታቋርጥ። ተሻለኝ ብላም ቢሆን!»

ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የወላጅ ኮሚቴው ግን በራቸውን አንኳኩቷል። የሐኪሙን ቃል ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«አንቺን አምናለሁ፤ ወላጆቹን ማሳመን ግን አልቻልኩም። ትማር። ግቢ ውስጥ ደግማ ከወደቀች ግን እስክትድን ቤት ትቆያለች።»

«ፈተናውስ?»

«ለሚቀጥለው ዓመት ነዋ።»

የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ አንድ ጊዜ ቤት ከዋለች ከጓዳ እንደማትወጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር አልነበራትም።

ስለዚህ ሥራዬን ከክፍሉ ጀመርኩ። የሒሳቡ መምህር ሚስተር ቶማስ ከሕንድ የመጡ፣ አማርኛቸው የተሰባበረ፣ ተማሪዎቹ ግን የሚወዷቸው ሰው ነበሩ። አንዱን ክፍለ ጊዜያቸውን ለቀቁልኝና እርሳቸውም ከኋላ ተቀመጡ። ስለ አንጎል፣ ስለ ነርቭ አስረዳሁ። አልሰመረልኝም። ተማሪዎቹ በጨዋነት ይሰሙኛል፤ እምነታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ይህን ጊዜ ሚስተር ቶማስ ተነሡ።

«እኛ አገር ክብሪት የለም» አሉ። «እኛ አገር ሰው ወደቀ፣ ቁልፍ አምጡ! የብረት ቁልፍ፣ እጅ ውስጥ ማስያዝ። ሌላ ሰፈር ደግሞ ጫማ ማሸተት።»

«የማንን ጫማ?» አለች ዘይነባ።

«ቅርብ የተገኘ ሰው ጫማ።»

«ያ አላህ! የከበደን ጫማ ካሸተተችማ መቼም አትነቃም!»

ከበደ ከቀወት ገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የሚማር ረጅም ልጅ ነበር፤ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው እርሱ ነው። ሳቁ ሲበርድ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀ። «እንግዲያው በቁልፍም በጫማም በክብሪትም የሚነቁ ከሆነ፣ ያለ ምንም ነገርም ይነቃሉ ማለት ነው?»

ከዚያ በኋላ የእኔ ማብራሪያ አላስፈለገም።

ልምምድ ጀመርን። ታማሚዋን ሆና የምትወድቀው ዘይነባ ነበረች፤ ከመጠን በላይ ስትንፈራገጥ ወይንሸት «እኔ እንዲህ ያለ ጉድ አልሠራም!» ብላ ትስቅባታለች። አንዱ ከጭንቅላቷ ሥር ልብስ ያስገባል፤ አንዱ የአንገት ቁልፏን ይፈታል፤ ከበደ ሰዓት ይይዛል። መንዘፍዘፉ ሲያቆም በጎኗ ያስተኟታል። አፏ ውስጥ ምንም አይገባም። የቀሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ዙሪያዋን ይቆማሉ፤ ይህን ሐሳብ ያመጣችው ወይንሸት ናት። «መውደቁ አይደለም የሚያሳፍረኝ፤ ስነቃ ሁሉም ቁልቁል ሲያየኝ ነው» ብላን ነበር።

ወራት ያለ አንዳች ነገር አለፉ። ከዚያ ከአዝመራ በኋላ እናታችን ከደብረ ሲና ወረደች።

እናቴ ልጇን እንደምትወድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎሕ ሲቀድ ወይንሸትን ጸበል ትወስዳት ጀመር፤ እኔም አልተቃወምኩም። ጸበል ቦታ ያገኟት አንዲት ሴት ግን ጸበሉ ከባዕድ ነገር ጋር አይስማማም ብለው ነገሯት። ማታ ማታ ክኒን መስጠቱን ከእኔ የተረከበችው እናቴ ክኒኑን አንሥታ ሸሸገችው። ለእኔ አልነገረችኝም፤ ወይንሸትንም እንዳትነግረኝ ከለከለቻት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይንሸት ቤት ውስጥ ወደቀች። ጠበቅሁ። አልቆመም። ቆመ ስል እንደገና ጀመረ። ስሟን ጠራሁ። የለችም። ከንፈሯ ጠቆረ። እናቴ መሬት ላይ ተንበረከከች። እኔ መንገድ ላይ ወጣሁ። ሽንኩርት የጫነ መኪና ነበር። እጄን ዘረጋሁ። ቆመልኝ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ መንዘፍዘፉን የሚያቆም ዲያዜፓም የሚባል መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧት። ሰውነቷ ረገበ። ትተነፍሳለች። ነርሷ ዘወር ብላ «ክኒን ትወስድ ነበር? መቼ አቋረጠች?» ብላ ጠየቀች። እኔ «አላቋረጠችም» አልኩ። እናቴ «አቋርጣለች» አለች። «እኔ ነኝ የሸሸግኩት። እንድትድን ብዬ ነው።»

ነርሷ ወንበር አቀረበችላት፤ ውኃም ሰጠቻት።

ማገገሙ ረጅምና ዝግ ያለ ነበር። ወይንሸት ለሳምንታት ቃል እየጠፋባት፣ ትናንት ያነበበችውን ዛሬ እንደ አዲስ እያነበበች፣ ክኒኑም እንቅልፍ እንቅልፍ እያሰኛት ከረመች፤ ዘይነባም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በክፍል የጻፈችውን ማስታወሻ ይዛ እየመጣች፣ እያነበበችላት፣ ስታንቀላፋ ደግሞ «ጄኔሬተሩ ነዳጅ አለቀበት» ብላ ትከሻዋን እየነቀነቀች፣ አንዳንዴም አጠገቧ ጋደም ብላ አብራት እየተኛች ታመሽ ነበር። ያ ለስድብ የወጣ ስም በዘይነባ አፍ የቁልምጫ ስም መሆኑን ያስተዋልኩት በዚያ ወቅት ነው። እናቴ ደግሞ የነፍስ አባታችንን አማክራ፣ «ጸበሉንም ትጠጣ፣ መድኃኒቱንም ትዋጥ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» የሚል ቃል ተቀብላ፣ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ክኒኑን በገዛ እጇ፣ በጸበል ታስውጣት ጀመር። ክኒን ሰጪነቱን ለእኔም አልመለሰችልኝም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ወይንሸት ታማ በከረመችበት ጊዜ ያመለጣትን ለማካካስ እንቅልፏን አጓድላ ታነብ ስለነበር ፊቷ ገርጥቷል። እኔ እህቷ ስለሆንኩ ፈታኝ መሆን አልተፈቀደልኝም፤ ከርእሰ መምህሩ ጋር ከክፍሉ ውጭ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ነበር። ፈታኙ ከሌላ አውራጃ የመጡ ሰው ናቸው።

ጩኸቷን ሰማሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ወድቃለች።

«ማንም ከቦታው እንዳይነሣ! የተነሣ ፈተናው ይሰረዝበታል!» አሉ ፈታኙ። ደግ ሰው ሲደነግጥ የሚናገረው ዓይነት ነገር ነበር።

ዘይነባ ተነሣች። ከበደ ተነሣ። ቀጥሎ ሌላ ወንበር ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ከዚያም ሌላ። ሹራብ ከጭንቅላቷ ሥር ገባ። የአንገት ቁልፏ ተፈታ። ከበደ «ጀመርኩ» አለ፤ ዐይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። የቀሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ዙሪያዋን ቆሙ። ያን ጊዜ እህቴን ማየት አልቻልኩም፤ ማየት ያለመቻሌን ያህል ያጽናናኝ ነገር አልነበረም።

ፈታኙ «ኧረ ክብሪት የያዘ የለም?» እያሉ ይጣራሉ። ጋሼ ደምሴ ሮጠው ገቡ። ክብሪቱን ጫሩ። ዘይነባ ከተንበረከከችበት ቀና አለች።

«ጋሼ ደምሴ፣ አይቆጡኝ» አለችና እፍ አለችው።

ጋሼ ደምሴ የጠፋውን እንጨት ይዘው ቆሙ። ፈታኙ ወደ መስኮቱ ዞረው ርእሰ መምህሩን «ጓድ፣ ምን ላድርግ?» አሏቸው። ርእሰ መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ ያስቀመጡትን ቅድመ ሁኔታ እንዳልረሱት ከፊታቸው አነበብኩ። ልጆቹን አዩ። ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ተዉአቸው። የሚያደርጉትን ያውቃሉ።»

ወይንሸት በጎኗ እንደተኛች ጥቂት አንቀላፍታ ነቃች። ቁልቁል የሚያያት ሰው አልነበረም። «የት ደረስን?» አለች። ዘይነባም «የትም፤ አንቺን እየጠበቅን ነው» አለቻት። ፈታኙ ለሁሉም የባከነውን ጊዜ መለሱላቸው። ወይንሸት ራሷን እያመማት ጨረሰች። አለፈችም። ርእሰ መምህሩ ቤት ስለመቆየት ዳግም አላነሡም፤ በተከታዩ ዓመት መስከረም ላይ ለአዲሶቹ ሰባተኛ ክፍሎች ልምምዱን እንዳሳይላቸው የጠየቁኝ እርሳቸው ናቸው።

ዛሬ የምሠራው አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የተማሪዎች ደኅንነት የሚባል ክፍል፣ ጽሕፈት ቤትም አለን። ከብዙ አገር የመጡ ወላጆች ያማክሩኛል፤ ልጁ ሲወድቅ አንዱ ማንኪያ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሽንኩርት ይዞ ይሮጣል። ሁሉንም የሚያስሮጣቸው ፍቅር ስለሆነ በአንዳቸውም አልፈርድም። እኔ የምላቸው ያን ዓመት የተማርኩትን ነው። አፉ ውስጥ ምንም አታግቡ። መንዘፍዘፉ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ከደገመ ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት። እንቅልፉን ጠብቁለት። ክኒኑን ያለ ሐኪም ቃል አታቋርጡ፤ ጸሎታችሁን ደግሞ ማንም አያስቁማችሁ። ልጁንም ከትምህርት ቤት አታስቀሩት፤ ሕመሙን የሚያውቁ ጓደኞች ማግኘትም የሕክምናው ክፍል ነው።

ለዚያ ሐኪም፣ ለነርሷ፣ ሽንኩርቱን ፀሐይ ላይ ትቶ ላደረሰን ሾፌር፣ ለሚስተር ቶማስ፣ ለእናቴም ምስጋናዬ አያልቅም። ወይንሸት ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ከወደቀች ብዙ ዘመን ሆኗታል። የከንፈሯ ጠባሳ ከቅርብ ካላዩት አይታይም። ለዘይነባ ግን ይታያታል፤ በተገናኙ ቁጥር በአውራ ጣቷ ነካ ታደርገውና እፍ ትለዋለች።