የአያቴ አባት ስም

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። የአንድ ስም ታሪክ ነው፤ ያውም የፈረንሳይ ስም፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ። ግን የእህቴ ጋብቻ ከዚህ ስም ጋር ተያይዞ ስለነበር ልሞክር።

የአያቴ አባት ጥጥ ሊያስተክል ወደ ቆላችን የመጣ ፈረንሳዊ ነበር። አገሬው የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ስለነበር አያቴም እሱኑ የአባት ስም አድርገው ያዙት። መታወቂያ ላይ የሚጻፈው እስከ አያት ብቻ ስለሆነ እኔ ዘንድ አልደረሰም። አባታችን ከሞተ በኋላ እህቴንና እኔን ያሳደጉን ወንድ አያቴ ግን ስሙን እንደ ርስት ነበር የሚያዩት። "የመኳንንት ስም ነው" ይላሉ።

እህቴን ሊያገባ የፈለገው አስተማሪ ነው፤ አባቱ ግን ጀውሃ ገበያ ማጭድና ማረሻ ይቀጠቅጣሉ። ክረምት ላይ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላከ። ሽማግሌ ደግሞ "ተቀመጡ" ካልተባለ አይቀመጥም። አያቴ ሁለቱንም ጊዜ ሽማግሌዎቹን በዚያ ሙቀት በረንዳው ላይ እንዳቆሟቸው፣ "የቀጥቃጭ ልጅ እዚህ ቤት?" ብለው መለሷቸው። እህቴ ምግብ መብላት እስክትተው ድረስ ከፋት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፈረንሳይኛ ስጀምር አያቴ፣ "በይ የስሜን ዘር አጣሪልኝ" አሉኝ። መምህሬ ስሙን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። "ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። ድሮ በየመንደሩ አንድ ነበር፤ ሰው በሙያው ይጠራዋል። ኋላ ስሙ ለልጅ ልጅ እየተላለፈ መዶሻ ጨብጦ የማያውቀውም ተጠራበት።"

ለእረፍት ስመጣ መጀመሪያ የነገርኳት ለእህቴ ነው።

"ዛሬውኑ ንገሪያቸው!"

"ቢታመሙብኝስ?"

"እኔ ብታመምስ?"

ቁርስ ላይ ነገርኳቸው።

"አባቴ ከጥጥ በቀር የነካው ነገር የለም!" አሉ።

"የአባትዎ አያትስ አባባ?" አለች እህቴ።

ወደ እኔ ዞሩ። "እዚያም ቡዳ ይሏቸው ነበር?"

"እንጃ፤ ፈረስ ያለው ሁሉ ኮቴውን ብረት ሊያስመታ ደጃቸው ይሰለፍ ነበር አሉኝ መምህሬ።"

"መሰለፍማ እዚህም እንሰለፋለን። ማረሻዬን የሚስልልኝ ማን ሆነና! ልጃቸውን ማን አገባ ነው የምልሽ።"

"ብዙ ሰው ሳያገባ አይቀርም አባባ። ፈረንሳይ ውስጥ በጣም ከበዙት ስሞች አንዱ ነው አሉ።"

እህቴ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው አልሳቁም፤ ቁርሳቸውን ትተው ወደ በረንዳው ወጡ። እኔ ደግሞ ሳስበው ዋልኩ። እዚያ ሙያው ጠፍቶ ስሙ ብቻ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ስሙ ቶሎ ይረሳል፤ ንቀቱ ግን ስም ሳያስፈልገው ይወረሳል።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው እንደ ፊተኛው በረንዳው ላይ ቆሙ። አያቴ አተኩረው አዩዋቸው።

"ምን ያቆማችኋል በዚህ ፀሐይ? ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ። የመጨረሻው ሽማግሌ ሲቀመጥ ደግሞ፣ "አባትየውን ማረሻዬ ዶልዱሟል በሉልኝ" ብለው ጨመሩ።

ነገሩ ያለቀው እሑድ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።