የፋቅሁት ስም

ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ትውልድ ስቆጥር የኖርሁ ሰው ነኝ። ከአብርሃም እስከ ዳዊት፣ ከዳዊት እስከ ባቢሎን ምርኮ፣ ከምርኮ እስከ ክርስቶስ ያለውን በግእዝም በአማርኛም ሳላደናቅፍ እወርደዋለሁ። ዘንድሮ በጥቅምት ግን ዳኛ ፊት ቆሜ የራሴን ስምንት ትውልድ ቁጠር ብባል አምስተኛው ላይ ቆምሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። አሶሳ ድረስ ያወረደኝ ይህ ነገር ስለሆነ ሳልሸሽግ አስቀድሜ ጻፍሁት።

እህቴ የሺ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቡሬ አጠገብ በእናታችን ርስት ላይ ጎጆ ቀልሳ አራት ልጆች ታሳድጋለች። ባለጋራችን ከምንጭ ማዶ ያለ የሩቅ ዘመድ ነው፤ «ከአቅኚው አባት ከዘካርያስ አልተወለደችም፤ መሬቱን ትልቀቅ» ብሎ ከሰሳት። እኔ ነገረ ፈጇ ሆንሁ። ከእናታችን ከትርንጎ ተነሥቼ ወደ አባቷ ወደ እንግዳ፣ ከእንግዳ ወደ ብሩክ፣ ከብሩክ ወደ ኪዳኔ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ። ዘካርያስ ሦስት ወንዶች ልጆች እንደ ነበሩት አውቃለሁና ከሁለተኛው እንሆናለን ብዬ ገመትሁ። ባለጋራው የሁለተኛውን ልጅ ዘር አንድ በአንድ ቆጥሮ ኪዳኔ የሚባል እንደሌለበት አሳየ። ሸንጎው ሳቀብኝ። ዳኛው እስከ ጥር ሥላሴ ቀጠሮ ሰጡን፤ ያን ቀን ቆጠራውን ካልሞላን የሺ ከነልጆቿ ትነሣለች።

ቆጠራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የእናቴ ወንድም ወልደ ሐና። እሱ ጨው ጭኖ ወደ አሶሳ ሲመላለስ ኖሮ በመጨረሻው እዚያው ቀረ። ሰለመ፣ አገባ የሚለው ወሬ ሲመጣ እኔ ከቅኔ ቤት የተመለስሁ የሃያ ዓመት ትዕቢተኛ ነበርሁ። በቤታችን ዳዊት የመጨረሻ ቅጠል ላይ የቤተ ሰቡ ስም ለጸሎት ተጽፎ ነበር። የብራና መፋቂያዬን አነሣሁና የአጎቴን ስም ፋቅሁት። እናቴ አልተቆጣችም። ግን ከዚያ ቀን ጀምራ እስክትሞት ድረስ ስለ ዘር ስለ ትውልድ አንዲት ቃል አላስተማረችኝም።

ከቤት እስከ ዓባይ

ኅዳር 13፣ በሚካኤል ማግስት፣ ከኑሩ ጋር ተነሣሁ። ኑሩ የአገራችን እስላም የጨው ነጋዴ ነው፤ በአሶሳ መንገድ ስንት በቅሎ እንደ ገደለ ራሱም አያውቀው። «ከአሶሳ ከተማ በላይ አንድ ጎጃሜ ሽማግሌ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም» አለኝ። በዚህች ወሬ ብቻ በሶዬን ቋጥሬ፣ ሃያ አሞሌ ይዤ፣ በኪራይ በቅሎ ላይ ወጣሁ። በቅሎዪቱ ቁልቁለት አትወድም፤ መንገዱ ደግሞ እስከ ዓባይ ቁልቁለት ነው።

ወንዙ ዳር የደረስነው በአራተኛው ቀን ነው። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣል። ጉሙዞች ቀርከሃ አስረው፣ ከሥሩ የተነፋ የፍየል ቆዳ አድርገው መንገደኛ ያሻግራሉ፤ ለአንድ ሰው ሁለት አሞሌ ይቀበላሉ። በቅሎዪቱ እየዋኘች ከኋላ ተጎተተች። እኔ ቀርከሃውን በሁለት እጄ ጨብጬ ጸሎት ስደግም ኑሩ ሳቀና፣

«መሪጌታ፣ አባቶችዎን ይቁጠሩ እንጂ! ችግሩ አምስት ብቻ ናቸው፤ ወንዙ መካከል ያልቁብዎታል» አለ።

በሌላ ጊዜ ቢሆን በተቆጣሁ። ያን ጊዜ ግን አፌን ብከፍት ውኃ የሚገባብኝ መሰለኝ። ማዶ ወጥቼ አሸዋው ላይ ስቀመጥ ግን እኔም ሳቅሁ።

ባምባሲ

ከዓባይ ወዲያ ያለው አገር ዳገትና ጫካ ነው። ኦሮሞዎቹ ገበሬዎች ደግ ናቸው፤ ባደርንበት ቤት ሁሉ ከስማችን በፊት ጎሳችንን ይጠይቁናል። ኑሩ ፈጥኖ ይመልሳል። እኔ «የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ» እያልሁ አመልጣለሁ።

ወደ ባምባሲ ስንቃረብ ቀርከሃው እየበዛ፣ ማሽላው እየረዘመ ሄደ። ጦር ያለፈባቸው መንደሮች አየን፤ የቤት ምሰሶ ብቻ ቆሞ ማሽላው ሳይታጨድ ለወፍ የቀረበት ቦታ አለ። እዚያ ስናልፍ ኑሩም አልቀለደም።

በዚያው ዕለት ጥላ ሥር ተቀምጠን ቆሎ ስንቆረጥም፣ «ለመሆኑ መጽሐፋችሁ ያን ሁሉ ስም ምን ያደርግለታል?» ሲል ጠየቀኝ። «እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌ እከሌን ወለደ፤ ጠዋት ጠዋት ሲያነበንቡት እሰማለሁ።»

እውነቱን ነገርሁት። መምህሬ ስሞቹ ዘንድ ሲደርስ ድምፁን ያፈጥን ነበር፤ እኔም በተራዬ ተማሪዎቼን በዚያው ፍጥነት አሳለፍኋቸው። ነገሩን ያሰብሁት ሸንጎው ከሳቀብኝ ወዲህ ነው። እስራኤል ከባቢሎን ሲመለሱ የአባቶቻቸውን ቤት መናገር ያልቻሉ ሰዎች ነበሩ፤ ከካህናቱም ወገን ስማቸው በመዝገብ ተፈልጎ ስለ ታጣ ከክህነት የተከለከሉ ነበሩ። «አየህ፣ ሰው በምርኮ አገር ሆኖ ስሙን የሚቆጥረው መመለሻው እንዳይጠፋበት ነው» አልሁት።

«አጎትዎስ?» አለ ኑሩ።

«አጎቴ ምን?»

«በሰው አገር ተቀምጦ ስሙን ከመዝገብ ያወጣበት ማን ነው?»

ቆሎውን ወደሱ ገፋሁለት።

ኅዳር 30 ባምባሲ ገበያ ገባን። ኑሩ የሚያውቀው አንድ የበርታ ነጋዴ ነበር፤ ስለ ጎጃሜው ሽማግሌ ጠየቅነው። «አብዱላሂ ሐበሺ? እሱ ሞተ። ሁለት ዓመት ሆነ፤ አላህ ይርሐመው» አለን። «ልጅ አለው። ሴት ብቻ።»

እውነቱን ልጻፍ፤ በዚያ ሰዓት ያዘንሁት ለአጎቴ አልነበረም። አሥራ ስምንት ቀን በከንቱ መጣሁ ብዬ ለራሴ አዘንሁ። ሴት ልጅ፣ ያውም በሰው አገር ተወልዳ፣ የጎጃምን ትውልድ ከየት ታውቃለች? እንመለስ አልሁ። ኑሩ በቅሎዪቱን ወደ አሶሳ አዙሮ፣ «እኔ ጨዌን ሳልሸጥ አልመለስም፤ እርስዎ ከፈለጉ ዓባይን ብቻዎን ይሻገሩ» አለኝ። ዓባይን ባሰብሁት ጊዜ ተከተልሁት።

አሶሳ

ታኅሣሥ 2 ደረስን። የአጎቴ ቤት ድንጋያማ ኮረብታ ጥግ ነው፤ ግድግዳውም አጥሩም ቀርከሃ። አንዲት የሠላሳ ዓመት ያህል ሴት ከወንዝ ወርቅ አጥባ መምጣቷ ነበር፤ ገበቴዋ ገና ያንጠባጥባል። ዘይነብ ትባላለች፤ የአጎቴ የመጀመሪያ ልጅ። ግንባሯን ሳይ እናቴን አየኋት።

«አንተ ማነህ?» አለችኝ።

መሪጌታን አንተ! ፊቴ ሲለዋወጥ ያየ ኑሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አማርኛውን ከአባቷና ከገበያ ነው የለቀመችው፤ ሁለቱም እርስዎ አላሏትም» አለኝ።

«የወልደ ሐና የእህት ልጅ ነኝ» አልኋት።

«እንደዚህ ብሎ ወርቅ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ቁጠር።»

ቆጠርሁ። እኔ፣ ትርንጎ፣ እንግዳ፣ ብሩክ፣ ኪዳኔ። ቆምሁ። ልክ እንደ ጥቅምቱ።

«ይሄ ሙሉ አይደለም» አለች። ገበቴዋን አስቀመጠች፤ ዓይኗን ጨፈነችና እንደ ውዳሴ ማርያም ሳታቋርጥ አወረደችው።

«ዘካርያስ ማርታ ወለደ። ማርታ ሴት ነው፣ የመጨረሻ ልጅ። ማርታ ወልደ ጊዮርጊስ ወለደ። ወልደ ጊዮርጊስ ኪዳኔ ወለደ። ኪዳኔ ብሩክ ወለደ። ብሩክ እንግዳ ወለደ። እንግዳ ትርንጎ ወለደ፣ ወልደ ሐና ወለደ። ትርንጎ ምትኩ ወለደ፣ የሺ ወለደ። ወልደ ሐና ዘይነብ ወለደ፣ ፋጡማ ወለደ፣ ከድጃ ወለደ።»

ሴት ናት! እኔ ሊቁ ከወንዶቹ መካከል ስፈልግ፣ የተወለድነው ከሴት ልጁ ኖሯል። ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትን በየዓመቱ በዜማ የምጠራ ሰው፣ በራሴ ትውልድ ውስጥ ሴት ልትኖር ትችላለች ብዬ አንድ ቀን አላሰብሁም። የሺ ከነልጆቿ ዳነች ማለት ነው። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

ከተቀመጥሁ በኋላ ነው ሌላው የገባኝ። ምትኩ እኔ ነኝ። ከኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቴና አጎቴ እንዲህ ይሉኝ ነበር፤ ዲያቆን ከሆንሁ ወዲህ ግን ከየሺ በቀር የሚጠራኝ የለም። እኔ ስሙን የፋቅሁት ሰው እኔን ሲቆጥር ኖሯል፤ ላላየኋቸው ልጆቹም አስቆጥሮኛል። በኑሩ ፊት፣ በሴቲቱ ፊት አለቀስሁ።

«ምትኩ አንተ ነው?» አለች ዘይነብ፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። «አባቴ ከጁምዓ በኋላ ሁልጊዜ ይቆጥራል። የኛ ነሰብ፣ የኛ ዘር ይሄ ነው ይላል። አንድ ቀን ይመጣል፣ ስጪው አለኝ።»

«ስሙን እንደ ፋቅሁት ያውቅ ነበር?»

«ነጋዴ ነገረው። እናቴ በጣም ተናደደ። አባቴ ሳቀ። ምትኩ ልጅ ነው፣ ያድጋል አለ።»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚያ ቀን ካደግሁ ጥሩ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር፣ በሰሊጥ ዘይት ተሠርቶ ይቀርብልኝ ነበር፤ ወተትና ቅቤ ፊቴ አልደረሰም። ጾመ ነቢያትን እንዴት እንዳወቀች ብጠይቃት፣ «በዚህ ወር አባቴም ወተት አይጠጣም ነበር። ለምን ብሎ ሰው ሲጠይቅ ሆዴን ያመኛል ይላል» አለችኝ። መቃብሩንም አሳየችኝ። እኔ በኔ ጸሎት፣ ኑሩ በሱ ጸሎት፣ ጎን ለጎን ቆመን ጸለይንለት።

ልንነሣ ስንል ዘይነብ የበቅሎዬን ልጓም ያዘች።

«አባቴ ወንድ ልጅ የለውም። እዚህ ሰው የሱ ነሰብ ተቆረጠ ይላል። አንተ ዳኛ ፊት ስትቆጥር አባቴንም ቁጠር። እኛንም ቁጠር፣ ሦስታችን። መሬት አንፈልግም።»

ይህን ነገር ሰምቼው አውቃለሁ። የሰለጰአድ አምስት ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የአባታችን ስም ከወገኑ መካከል ስለ ምን ይጠፋል ብለው የጠየቁት ይህንኑ ነው፤ እግዚአብሔርም እውነት አላቸው ብሏል። እሺ አልኋት። እሺ ማለቱ እዚያ ቀላል ነበር።

መመለስ

በመመለሻው መንገድ ሁሉ ቆጠራውን እየደገምሁ ሄድሁ፤ በቅሎዪቱ ራሷ ሳታውቀው አልቀረችም። ዳገት ትወድ ኖሯል፤ እኔም ልቤ ቀሎኝ ነበር። ዓባይ መካከል ስንደርስ ስምንቱን በሙሉ ጮኼ ቆጠርሁ፤ ኑሩ እያንዳንዱን «አሚን» እያለ ተቀበለኝ። ታኅሣሥ 24 ቤት ገባሁ።

የሺ በደስታ ዘለለች። ከማን እንዳገኘሁት ስነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ። «ከእናታችን ሰማሁት በል፤ የሰለመ ሰው ስም ከጠራህ ባለጋራችን በዚያ ይገባብናል። ልጆቹንም ከቆጠርህ ድርሻ አላቸው ማለት ነው» አለች። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል፤ እንደ ነገረ ፈጅ እውነቷን ነበር። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም። እስከ ጥር ሥላሴ እንቅልፍ አልነበረኝም።

በቀጠሮው ቀን ቆምሁና ቆጠርሁ። ማርታን ስጠራ ሸንጎው ተንጫጫ። ዳኛው፣ «ይህን ከማን አገኘኸው?» አሉኝ። የሺ ከኋላዬ ጋቢዬን ሳበችው።

«ከአጎቴ ከወልደ ሐና ልጅ ከዘይነብ። አጎቴ አሶሳ በእስልምና ሞቷል። ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ዘይነብ፣ ፋጡማ፣ ከድጃ። እነሱም የዘካርያስ ልጆች ናቸው፤ ይቆጠሩልኝ» አልሁ።

ባለጋራው ከትከት ብሎ ሳቀ። «የከዳ ሰው ቃል ርስት ያቆማል? ማርታ የምትባል ልጅስ ማን አይቷል?»

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲያንቀላፉ የነበሩት አባት፣ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ከብትህን የት አጠጣህ?» አሉት።

«ማርታ ምንጭ።»

«አዎን፣ ማርታ ምንጭ። ዘካርያስ ለትንሿ ልጁ የሰጣት ነው ስትል አያቴን ሰምቻታለሁ። እኔ ሞኙ፣ ዘር ያላት አልመሰለኝም ነበር።»

ምንጩ ከየሺ ጎጆ በታች ነው። ሁላችን ከልጅነት ጀምረን ጠጥተንበታል፤ ማርታ ማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዳኛው መሬቱን ለየሺ አጸኑላት። ባለጋራው እንደ ተሸነፈ ሰው ቁጣ፣ «እንግዲህ እስላሞቹ ሲመጡ ተካፈሊያቸው!» አላት። ጋቢዬን ስትስብ የነበረችው እህቴ ወደ ፊት ወጣች።

«ይምጡ! የአጎቴ ልጆች ናቸው፤ ይምጡ!»

እልል ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። እኔም ተከተልኋት፤ እንደዚያ ቀን ያለ እፎይታ በዕድሜዬ አላየሁም።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ብዙ አይደለም። ስሞቹ ላይ ስደርስ አሁን ድምፄን አላፈጥንም፤ ተማሪዎቼ ይሰለቹኛል፣ ይሰልቹ። እያንዳንዱ ስም አንድ ሰው ሌላውን አልጥልም ብሎ የያዘበት መሆኑን ከአሶሳ ወዲህ አውቄአለሁ።

በማግሥቱ ዳዊቱን አወረድሁና ቀለም በጠበጥሁ። በፋቅሁበት ቦታ ላይ ወልደ ሐና ብዬ ጻፍሁ፤ ከሥሩም የሦስቱን ልጆቹን ስም። የተፋቀ ብራና ቀለም ይጠጣል፤ ስሙ ሰፍቶ፣ ከእናቴም ከኔም ስም ወፍሮ ወጣ። የሺ ፊደል አታውቅም፤ «የቱ ነው የሱ?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ ሻካራው ቦታ ላይ አኖርሁላት። ዳበሰችው፣ ዳበሰችውና፣ «አገኘሁት» አለች።