ረሺዳ ስልኳን ባዶ ያደረገች ጊዜ

የጅማው የሄርማታ ሰፈር መንገድ ኮብልስቶን በሚነጠፍበት ዘመን፣ ከገበያው ጀርባ ከመስጊዱ አጥር አጠገብ፣ ረሺዳ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ሠላሳን አለፍ ብላለች፤ አላገባችም። የምትኖረው ገበያ ውስጥ ጨርቅ ከሚሸጠው ከታላቅ ወንድሟ ከሙሐመድሳኒና ከልጆቹ ጋር ነው። ጸጥ ያለች፣ ወጣ ገባ የማታበዛ ሴት ናት። የሰፈሩ ሰው በአንድ ነገር ብቻ ይቀልድባታል፤ ስልኳ ከእጇ አይለይም። ስትሰፋ ጭኗ ላይ ነው። የቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ስልክ አጥፉ ሲባል ጡቷ ሥር ትሸጉጠዋለች። ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ ይዛው ትገባለች።

«ከስልኳ ጋር ኒካህ አስራለች» ይሉ ነበር ወንዶቹ። ሴቶቹ ግን አይስቁም። ምክንያቱን ያውቁታላ።

ነገሩ የጀመረው በሰርግ ነው። ሙሽራ ሂና በምትቀባበት ከሰዓት ወንድ ድርሽ አይልም። በሩ ይቀረቀራል፤ ሻርፕ ይወልቃል፤ ፀጉር ይፈታል፤ ወገብ በነጠላ ይታሰርና ጭፈራው ይቀልጣል። በዓመት ውስጥ አንዲት ሴት እንደዚያ ቀን የምታምርበት ጊዜ የለም። ግን ያ ውበት ማታ ሻርፑ ሲመለስ አብሮ ይቀበራል። ፎቶ አንሺ የተባለ ሁሉ ወንድ ነዋ! ረሺዳ ካሜራ ያለው ስልክ የያዘች ቀን የሄርማታ ሴቶች ፎቶ አንሺ አገኙ።

ያኔ ሕጉን ያወጡት ሐጃ ሙሉካ ናቸው። አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት የወለዱ፣ ሲናገሩ ሰው ዝም የሚልላቸው እናት ናቸው። የልጃቸው የዩምና ሂና ዕለት ረሺዳን መሐል ላይ አቆሟት።

«አንሺ። ግን ከእጅሽ አይወጣም» አሏት። «በብሉቱዝ አይላክም። ሱቅ ሄዶ አይታጠብም። የወንድ ዓይን አያርፍበትም። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አለች ረሺዳ እየሳቀች። ልጅነት ነበር። ቃል ሲሰጡ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ተሸክሞት ሲኖሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ያላነሳቻት ሙሽራ የለችም። ፎቶዎቹ ስልኳ ውስጥ ብቻ ስለሚኖሩ፣ ሴቶቹ ራሳቸውን ለማየት ወደ እሷ ይመጣሉ። ዓርብ ዓርብ፣ ወንዶቹ ጁምዓ ሲሄዱ፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ፍራሹ ላይ ይደረደራሉ።

«ማሎ፣ እባክሽ የኔን አምጪው፣ ከመውለዴ በፊት ያለውን።»

«ይኸው።»

«ሱብሃነላህ! ይቺ ወገብ የኔ ነበረች?»

«የት ጣልሻት ታዲያ?» ትላለች ሌላዋ።

«እናንተ ቤት ገንፎ ስበላ!»

ሐጃ ሙሉካ የሚመጡት ሌሎቹ ሲሄዱ ነው። ዩምና ባገባች በዓመቷ በወሊድ ሞታለች። ረሺዳ ሳትጠየቅ ፎቶውን ትከፍትላቸዋለች። ዩምና ፀጉሯን ለቃ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትስቃለች፤ በግራ በቀኟ ሴቶች አቅፈዋታል። ሐጃ ስልኩን አይነኩትም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያያሉ፤ ሲበቃቸው «ጀዛኪላህ» ብለው አመስግነው ይነሳሉ። ቤት ያላቸው የዩምና ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ተኮሳትራለች።

እንዲህ እንዲህ ሲል ስልኩ ሞላ። አንዲት ሙሽራ እጇን ዘርግታ ቆማ ሳለ፣ ማስቀመጫው ሞልቷል የሚል ጽሑፍ መጣና አላነሳም አለ። ረሺዳ ቦታ ለማግኘት የራሷን ማጥፋት ጀመረች። መጀመሪያ መንዙማዎቹን አጠፋች፣ ቀጥላ የምትሰፋቸውን ቀሚሶች ናሙና፣ በመጨረሻም የራሷን ፎቶዎች አንድ በአንድ። አንድ ቀን ብትፈልግ በገዛ ስልኳ ውስጥ እሷ የለችም። የሄርማታ ሴት ሁሉ ፀጉሯን ለቃ እዚያ አለች፤ ረሺዳ ግን የለችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። በገዛ ቃሏ ውስጥ እንደተዘጋባት የገባት ያን ቀን ነው።

በዚያው ሰሞን ሀቢቡላህ መጣ። ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ ከተማ ደረቅ ቡና የሚገዛ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ሙሐመድሳኒ ባለበት፣ ሳሎን ተቀምጠው ተነጋገሩ። ረሺዳ ወደደችው። ሲያወራ መሬት መሬት ያያል፤ ሲስቅ ግን ፊቱ ሁሉ ይስቃል።

«አንድ ነገር ልናገር» አለ ሻዩን እያማሰለ። «ስለ ስልክሽ ሰቃ ድረስ ይወራል።»

«ምን ተብሎ?»

«የጅማ ሴት ሁሉ እዚያ ውስጥ ናት ተብሎ።» ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ተወው። «ቤቴ ወንድሞቼ ይገቡበታል። የሰው ሚስት ገላ በቤቴ ካለ ወንጀሉ በኔ ነው። ሚስቴ ስልኳን ስትደብቀኝ መኖርም አልችልም። ባዶ አድርገሽው ነይ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

እውነቱን ነው። የሚያስከፋ ነገር አልተናገረም። ሴቶቹም ወሬውን ሲሰሙ ያሉት ያንኑ ነው፤ «ካገባሽማ ፎቷችን ወንድ ቤት ሊገባ ነው!»

ረሺዳ ፎቶዎቹን ከስልኩ አውጥታ ሚሞሪ ላይ ለማድረግ፣ ሚሞሪውን ለሐጃ ሙሉካ አስረክባ ለመሄድ ቆረጠች። ግን እንዴት እንደሚደረግ አታውቅም፤ የሚያውቁት የሞባይል ሱቅ ልጆች ደግሞ ወንዶች ናቸው። ስታጠያይቅ በቾ ቦሬ ሰፈር ውስጥ የራሷን ወንድም የሞባይል ሱቅ ጠዋት ጠዋት የምትጠብቅ ሊያ የምትባል ልጅ እንዳለች ሰማች። ሱቁ ጭር እስኪል ማዶ ቆማ ጠብቃ ገባች። ሚሞሪ ገዝታ፣ ልጅቷ እያሳየቻት ራሷ ስልኩ ውስጥ ከተተችው።

«ስጪኛ፣ ላድርግልሽ» አለች ሊያ እጇን ዘርግታ።

«አይ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ እኔ እነካለሁ።»

«የባንክ ብር ነው እንዴ ያለው? ጀርባዬን ላዙር?»

«ሴት ነሽ፣ ብታይው ችግር የለም። ከእጄ እንዳይወጣ ነው።»

ከመደርደሪያው ጀርባ ገቡ። ሊያ በሩን በአንድ ዓይኗ እየጠበቀች መራቻት። «ፋይሎች የሚለውን ክፈቺ። የካሜራው ፎልደር እሱ ነው። አንዱን ተጭነሽ ቆዪ... አሁን ሁሉንም ምረጪ። ቆይ! እዚህ ላይ አስተውዪ። ኮፒ ካልሽው እዚህም እዚያም ይኖራል። ሙቭ ካልሽው ከስልኩ ወጥቶ ሚሞሪው ላይ ብቻ ይቀመጣል።»

«ይውጣ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ከዚህ ይውጣ ነው የምልሽ።»

ነካችው። ትንሿ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እያዘገመች ሄደች። ረሺዳ ትንፋሿን ይዛ አየቻት፤ ሙሽራ በሙሽራ፣ ሳቅ በሳቅ እየተነሳ የሚሄድ መሰላት። መስመሯ ሞላች። ጋለሪውን ስትከፍተው ስልኩ ውስጥ የቀረ አንድም የለም። ወዲያው ሰውነቷ ቀለል አለ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እጇን አነሳች።

ሊያ ሚሞሪውን እንዴት እንደምታወጣው አሳየቻት። የጣት ጥፍር ታህላለች።

«እንዳትጥያት ብቻ» አለቻት። «ፓተርንሽ ስልኩን ነው የሚቆልፈው፤ እሷን አይቆልፋትም።»

«አልገባኝም።»

«አውጥቶ ስልኩ ላይ የሰካት ሁሉ ያያታል።»

«ምንም ሳይጠይቀው?»

«ምን ብሎ ይጠይቀዋል?»

ረሺዳ ቁልጭ ቁልጭ አለች። እስካሁን በመካከል የቆመው እሷ ብቻ የምታውቀው ፓተርን ነበር። አሁን ያ ሁሉ ገላ ያለ በር ያለ መዝጊያ መዳፏ ላይ ተቀምጧል።

«ልንመልሰው እንችላለን እኮ» አለች ሊያ አዝና።

ከመለሰችው ሀቢቡላህ አለ። ሚሞሪዋን ጨብጣ ወጣች፤ በባጃጅ ስትመለስ ጣቶቿን አልፈታችም።

በቀጥታ ሐጃ ሙሉካ ቤት ሄደች። ሐጃ ግቢ ውስጥ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ስማ መዳፏን ከፈተችላቸው።

«ይቺ ናት? ሁላችንም?» አሉ ሐጃ።

«ሁላችሁም። እርስዎ ይያዙልኝ። እኔ ሰው ልሆን ነው ሐጃ፣ ትዳር ልይዝ ነው።»

ሐጃ አልተቀበሏትም። ዓይናቸውን ወደ ቤቱ አነሱ። ከውስጥ የልጆቻቸው የስልክ ዘፈን ይሰማል፤ ሦስት ዓይነት ዘፈን ባንዴ።

«ይቺን የሚከፍት ስልክ ስንት አለ እዚህ ቤት መሰለሽ? አንዱ ምንድን ናት ብሎ ይሰካታል። ያን ጊዜ የሰው ልጅ ፊት እንዴት አያለሁ?»

«ስልኩን ራሱን ልስጥዎት እንግዲህ። መልሼበት፣ ቆልፌው።»

«እኔ አልከፍተው። ልጆቼ ግን ይከፍቱታል። ለነሱ ቁልፍ ምናቸው ነው?»

«የየሰዉን ለየሰዉ ላካፍል?»

«ብቻዋን የቆመች አለች? ሁሉም ተቃቅፎ ነው። ዩምናዬ እንኳ በሰው መሐል ነው ያለችው።»

ረሺዳ መዳፏ ላይ ያለችውን ሚሞሪ አየቻት። «ታዲያ... ላጥፋው?»

ሐጃ ሙሉካ በርበሬ መቀንጠሱን አቆሙ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ዩምናን?» አሉ።

ረሺዳ መዳፏን ዘጋች።

ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ቤቱን ስትዞረው ሰነበተች። ሚሞሪዋን ክር ጥቅል ውስጥ ደበቀቻት፤ የወንድሟ ልጆች ክር ሲፈቱ ደረሰችባቸው። ፍራሽ ሥር ከተተቻት፤ ፍራሽ የሚፀዳበት ቀን ሆነ። ያስቀመጠችበት ሁሉ ሰው እጅ የሚሄድበት ይመስላታል። ስልኩ ይሻል ነበር፤ ስልክ ይጠራል፣ ይገኛል። በመጨረሻ ከውስጥ ልብሷ ማንገቻ ውስጥ ሰፋቻት። ልብሱ ሲታጠብ ትተረትርና ወደ ሌላው ታዛውራለች።

እንዲያ ሆና ሳለ ሀቢቡላህ ደግሞ መጣ። ሙሐመድሳኒ ደስ ብሎታል።

«ስልክሽን አጸዳሽ አሉ?» አለ ወንድሟ።

«ባዶ ነው። ይኸው።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። ሀቢቡላህ አላነሳውም፤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

እዚያ ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማንም አልጠየቃትም። ግን በውሸት የገባችበት ቤት ሌላ የተቀረቀረ በር እንደሚሆንባት አወቀች።

«ፎቶዎቹ አልጠፉም» አለች። «ሚሞሪ ላይ ናቸው። ሚሞሪዋ እኔ ጋ ናት።»

ሙሐመድሳኒ ግንባሩን መታ። «አንቺ ልጅ ጤና የለሽም እንዴ? ወርውሪያት!»

«የሞተች አለችበት።»

ሀቢቡላህ የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ለኔ ስጪኝ። ወላሂ አላያትም። የቡና መጋዘኔ ካዝና ውስጥ እቆልፋታለሁ፤ ቁልፉን አንቺ ያዢ።»

እንደማያያት አመነች። ሰውየው የሚዋሽ ሰው አይደለም። ግን እሷ የማለችው ወንድ አያየውም ብላ ብቻ አልነበረም፤ ከእጄ አይወጣም ብላም ነው። ካዝናው የሱ ነው፤ በሩ የሱ ነው። የሄርማታ ሴቶች አንዲት ሌሊት እንኳ በሰላም ተኝተው አያድሩም። ዓርብስ? ሐጃ ሙሉካ ዓርብ ወዴት ይሄዳሉ? ሰቃ?

«አይሆንም» አለች።

«ልጠብቅ?»

«እስከ መቼ ልበልህ? እኔም አላውቀውም።»

ሻዩን ሳይጨርሰው ተነሳ። በር ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ ቆየ፤ የምትጠራው መስሎት ይሆናል። ልትጠራው ፈልጋ አፏን ከፈተች። የማንገቻው ስፌት ትከሻዋን ቆረቆራትና ዘጋችው።

የቀጠለው ሐሙስ ከሰዓት የጎረቤት ልጅ ሂና ነበር። በሩ ተቀረቀረ። ሴቶቹ ረሺዳን ሲያዩ ወዲያው ከበቧት፤ ስላልሆነው ትዳር ሰምተዋል፣ ግን ማንም አላነሳውም።

«ስልኩ ሞልቷል፣ አያነሳም ብለሽን ነበር አይደል?» አለች ሙሽራዋ ፈራ ተባ እያለች።

«አሁን ቦታ አለው።»

«ብዙ?»

«ሙሉ ለሙሉ ባዶ ነው።»

እልልታው ጣራውን ነካው። አንዷ «ለልጄም ሰርግ ይበቃል!» ስትል፣ ሌላዋ «ለልጅ ልጄም!» አለች። ሻርፖቹ ወረዱ፣ ፀጉሮቹ ተፈቱ። አንዲት ወፍራም ሴት ጀርባዋን በሩ ላይ ደግፋ ቆመች። ማንም እንዳይገባ ነው፤ ግን እሷ ካልተነሳች የሚወጣም የለም።

ረሺዳ ስልኩን ከፍ አደረገች። ሴቶቹ የስልኩ ስክሪን ጠርዝ ላይ ቆመው እየተገፋፉ፣ እየተሳሳቁ ጠበቋት።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» አለቻቸው። «ሁላችሁም ትገባላችሁ።»