አስካለ የጣለችው ዕጣ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። በየዓመቱ ፊቱ ቀርቤ ሐሜቴንና ስካሬን ለምዘረዝርለት ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ አፌ ላይ ይደርስና መልሼ እውጠዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም። ለእናንተ ለመናገር የደፈርኩትም ምናልባት ለዚህ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ስሙኝ እንጂ አታጽናኑኝ፤ መጽናናት አይገባኝም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጎማ እሸጣለሁ፣ እጠግናለሁም። ጌታሁን የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጎረቤላ እየተመላለሰ ያስተምር ነበር። ሥራውን ጨርሶ ከወጣ አንድ ፕሮጀክት ላይ ሁለት ትልልቅ የአስፋልት ሞተሮች አብረን ገዛን። ለሩቅ መንገድ የተሠሩ፣ ጉልበታም፣ ከኋላም ሰው ተመችቶት የሚቀመጥባቸው ነበሩ። በከተማው ከእኛ በቀር እንዲህ ያለ ሞተር የያዘ አልነበረም፤ ስናልፍ ሰው ዞሮ ያየን ነበር፣ እኛም መታየቱን አልጠላነውም። ችግራቸው ጎማ ነው። ልኩ አይገኝም። የሁለታችንም ጎማ በአንድ ሰሞን ሲያልቅ አዲስ አበባ ሄጄ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ውዬ ያገኘሁት ሁለት ጥንድ ብቻ ነበር።

ለሚያየው ሰው ሁለቱም ጥንድ አዲስ ናቸው። አንድ ሥሪት፣ አንድ ልክ፣ ጥርሳቸውም ያልተነካ። ነገር ግን ጎማ ጎኑ ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገር ቁጥር አለው፤ አብዛኛው ሰው አያነበውም፣ እኔ አነበዋለሁ። አንደኛው ጥንድ በዚያው ዓመት የተሠራ ነበር፤ ጥፍሬን ስጫነው ለስለስ ብሎ ይቀበለኛል። ሌላኛው ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ብዙ ዓመት የኖረ ነው፤ ጥፍር አይገባውም። እንዲህ ያለ ደረቅ ጎማ በበጋ መንገድ ላይ ምንም አይል ይሆናል። በእኛ ብርድ፣ በአንኮበር ጉም፣ በረጠበ አስፋልት ላይ ግን መንገዱን አይቆነጥጥም። ይህን አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ማለት ብችል እንዴት በወደድኩ!

ለጌታሁን ምን አልኩት? «ሁለቱም አንድ ናቸው» አልኩት።

«እንግዲያው እንደ ቅርጫ ዕጣ እንጣልበት» አለ እየሳቀ። በቅርጫ ማንም መደቡን አይመርጥም፤ ሁሉም ምልክቱን ይሰጥና የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። እሱ ጠጠር አነሳ፣ እኔ ቆርኪ። አብራው የመጣችውን ሚስቱን አስካለን ጠርተን በእጇ ሰጠናት።

«ጉድ እኮ ነው! ሰው ሥጋ ያካፍላል፣ እናንተ ጎማ ታስከፋፍሉኛላችሁ?» አለችና እየሳቀች ጎንበስ አለች።

ለምን ዕጣውን እሺ አልኩ? ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነው እል ይሆናል። ውሸት ነው። ደህናው ጥንድ በዕጣ ከደረሰኝ በደሉ የእኔ አይሆንም ብዬ ነው። የክፋቴን ሥራ ዕጣው እንዲሠራልኝ ፈልጌ ነው።

ዕጣው አልሠራልኝም። አስካለ ጠጠሩን ለስላሳው ጥንድ ላይ አስቀመጠች። ጠጠሩ የባሏ ነበር።

ሞተሯን ጥለውልኝ ቁርስ ሊበሉ ሄዱ። እኔ ሁለቱን ጥንድ ፊቴ አድርጌ ቆምኩ። ከዚያ ቀየርኳቸው። እጄ ተሳስቶ አይደለም፣ ቸኩዬም አይደለም። ቁጥሩን ደግሜ አንብቤ፣ ደግሜም በጥፍሬ ተጭኜ፣ አውቄ ቀየርኳቸው። ለነፍሴ ሳሳሁ። ለእሱ በሚቀጥለው የተሻለ አመጣለታለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም አመነኝ። ሲመለሱ ሞተሯ ተወልውላ ቆማለች። አስካለ «እጅህን ይባርከው» አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ።

አንድ ወር አልሞላም። እሁድ ጠዋት ጎረቤላ የጌታሁን መምህር ጓደኛ ቤት ማኅበር ተጠርተን ሦስታችን ወጣን፤ እነሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ካፊያ ነበር። ጉሙ ቢኖርም የሞተራቸው የኋላ መብራት በደንብ ይታየኛል። ቁልቁለቱ ላይ አንዱ ኩርባ ጋ ሲደርስ ፍሬን ሲይዝ አየሁ። የኋላ ጎማው ወደ ጎን ሸሸ። ሞተሯ ወደቀች፤ ጌታሁን አስፋልቱ ላይ ቀረ፣ አስካለ ወደ ገደሉ ተንከባለለች። እኔም በዚያው ቦታ ላይ ፍሬን ያዝኩ፤ ሞተሬ ቀጥ ብላ ቆመች። ንቅንቅ አላለችም። ያች አቋቋም ናት እስከዛሬ እንቅልፍ የነሳችኝ። አስካለ ሐኪም ቤት ሳትደርስ በባሏ ክንድ ላይ አረፈች።

ከአርባዋ በኋላ አባቷ ከደነባ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ሰዉ ጌታሁን ሲበር ነው የገደላት እያለ ያወራ ነበር። ሽማግሌዎቹ እኔን አስጠሩኝ።

«አንተ የጎማ ሰው ነህ፤ ከኋላውም ነበርክ» አሉኝ። «እግዜርን ይዘህ ንገረን፤ ጎማው ነው ወይስ ፍጥነቱ?»

«ጎማው አዲስ ነበር። የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«ፍጥነቱስ?»

«ጉም ነበር አባቶቼ፤ አልታየኝም።»

ጌታሁን ቀና ብሎ አየኝ። አንድ ቃል እንድጨምር እየጠበቀኝ ነበር። ሳልጨምር ስቀር አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ጎማው ደህና ከነበረ እኔ ነኝ» አለ። «ሳላውቀው ፈጥኜ ይሆናል። እኔ ነኝ የገደልኳት።» በእኔ ቃል በራሱ ላይ ፈረደ። የአራት ዓመት ልጃቸው ሕይወት ከአያቶቿ ጋር ደነባ እንድታድግ ተወሰነ፤ እሱም አልተከራከረም። ከቤቱ ሲያወጧት የአባቷን ጣት ይዛ አልለቅም ብላ ነበር። እዚያው ቆሜ አየሁ። አሁንም አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ማን ከለከለኝ? ማንም።

ጌታሁን ሞተሯን ሸጠ። ሌላ አላገባም። እንደሰው የሚጫወተው እኔ ጋ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ሱቄ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥና «ሁሉም ሲሸሸኝ አንተ ብቻ አልፈረድክብኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ» ይለኛል። ይህን ምስጋና ዓመታት ሙሉ ተቀብያለሁ። ሚስቱን ቀማሁት፣ ልጁን ቀማሁት፣ በዚያ ላይ ተመሰገንኩ። ከእኔ የባሰ ሌባ ታውቃላችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የተማሪ ልብስ የለበሰች ልጅ ሱቄ መጣች። ለሰላምታ ጎንበስ ስትል ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ አወቅኋት፤ ቁርጥ አስካለን።

«ጋሼ፣ የአስካለ ልጅ ነኝ» አለች። «አያቴ፣ አባትሽ ሲበር ነው እናትሽን የገደላት ይሉኛል። እርስዎ ከኋላ ነበሩ አሉ። እውነት ሲበር ነበር?»

የምጠግነውን ጎማ አገላበጥኩ።

«አባቴን ሄጄ አይቼው አላውቅም፤ አልፈልግም እል ነበር» አለች። «ካልሆነ ግን ልሄድ ነው። ለዚህ ነው የምጠይቅዎት።»

ይኸውላችሁ፣ እግዚአብሔር በሩን ራሱ ከፍቶልኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «ቆይቷል እኮ ልጄ፤ ረስቼዋለሁ» አልኩ። አልረሳሁም! ቁጥሩን እንኳ አልረሳሁም።

«እሺ ጋሼ፤ ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት» አለችና ወደ መናኸሪያ ሄደች። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። አባቷ ከዚያ ቦታ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር።

ሱቁን ዘግቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ነገ ደነባ እሄዳለሁ፤ አንዱን በአያቷ ፊት ለልጅቷ እሰጣታለሁ፣ ሌላውን ለጌታሁን። ከዚያ በኋላ የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታ ብጠይቅ ጌታሁን ይቅር እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ያንንም መቀማት አልፈልግም።

ሕይወት ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቼ ነበር፤ የማውቀውንም ደብቄሻለሁ። በዚያች ኩርባ አባትሽ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው።