ላስቲኩ ያልተነሳለት ቀይ ቤዝ ጊታር

እዚያው ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት ልጄን ሐናን ዘጠነኛ ክፍል ላስመዘግብ መካነ ሰላም ወደ ተማርኩበት ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ባለመስታወቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀዩ ቤዝ ጊታር እንደ ድሮው ቆሟል። ላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም! ቢጫ ሆኖ፣ ተጨማዶ እንደለበሰው አለ። ሐና ሰሞኑን «ከደሴ አዲስ ቤዝ እናስመጣ ወይስ የሰፈሩ ልጅ የሚሸጠውን ያገለገለ እንግዛ?» እያለች ስትነዘንዘኝ ነው የከረመችው። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ «አባዬ፣ ይኼን ለምን ለክበቡ አይሰጡትም?» አለች። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ቀድሞኝ መለሰላት፤ «አይሆንም የኔ ልጅ፣ አዲስ ዕቃ ነው፣ ይበላሻል።» አዲስ! ደሜ ፈላ። እኔ ሸብቻለሁ፣ እሱ ገና አዲስ ነው። ሐና እጄን ይዛ ጎትታ ባታስወጣኝ ኖሮ ያን ቀን ከሰው እጣላ ነበር።

ልጅ እያለሁ እኔንም ቤዝ ያሳብደኝ ነበር። የትምህርት ቤታችን ኪነት ክበብ ከበሮ፣ ክራር፣ አንድ ኪቦርድና አንድ የሚያጓራ ሞንታርቦ ነበረው፤ ቤዝ ግን አልነበረውም። ቤዝ ያላቸው ጋሼ ሰይድ ብቻ ነበሩ። ጋሼ ሰይድ ድሮ በጦር ሠራዊት የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ይመቱ የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ገበያው ዳር ራዲዮ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። አሱር ሰግደው ሲመለሱ እኔ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የቀለጠ የብየዳ ሊድ በሚሸትባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጊታሩን ከወታደር ካፖርታቸው ፈትተው ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኛል። አውራ ጣታቸው ያረፈበት ቦታ ቀለሙ አልቆ እንጨቱ ወጥቷል፤ አንገቱ ተሰንጥቆ በጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሟል። ስሳሳት በእርሳስ ጣቴን መታ ያደርጉና «አትጨቁነው! አስለምደው እንጂ!» ይሉኛል። «ቤዝ የቤት መሠረት ነው፤ ማንም አያየውም፣ ሲናድ ግን ሁሉም ይጮሃል» ይሉም ነበር። አንድ ሳንቲም ተቀብለውኝ አያውቁም። እናቴ «ሰይድን እንዳታስቀይምብኝ፣ ወየውልህ!» ስትል ነው ያደግኩት።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ደሴ ላይ የትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ውድድር እንዳለ ተነገረን። ክበቡ ትርኢት እያሳየ ያጠራቀመው ገንዘብ ስለነበረ ቤዝ ይገዛ ተባለ። ጋሼ ሰይድ ይህን ሰምተው ጊታራቸውን በካፖርቱ ጠቅልለው ስብሰባው ላይ መጡ። «ጣቴ እንቢ ብሎኛል» አሉ። «በፈለጋችሁት ዋጋ ውሰዱት። ልጁ ለምዶታል። እኔ የምለምናችሁ በየቀኑ እንዲነካ ብቻ ነው፤ ዕቃ ካልተነካ ይሞታል።»

የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጨርቅ ነጋዴው አቶ ደምሴ ናስትሮውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ሳቁ። «ኧረ በአላህ! የጊታር ልባሽ ይዘን ደሴ እንውጣ? የአቀስታና የኩታበር ተማሪዎች ምን ይሉናል?» አሉ። ቤቱ ሳቀ። ያኔ ዳይሬክተሩ ወደኔ ዞሩ፤ «ተጫዋቹ አንተ ነህ። አዲስ ይገዛልህ ወይስ ይኼ ይሻልሃል? ተናገር!»

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ደምሴ አይደለም፤ እሱማ ነጋዴ ነው፣ አዲስ ሲባል ዓይኑ ይበራል። የሚያናድደኝ የራሴ ምላስ ነው። የዚያ ጊታር እያንዳንዱ ጭረት በጣቴ ላይ ነበረ። ጋሼ ሰይድም አፍ አፌን እያዩ ነው። ግን የክበባችን ዘፋኝ ዘነበች ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እሷ ፊት ናስትሮ የተጠመጠመ ነገር ይዤ መድረክ ላይ መቆሜ ታየኝና አፈርኩ። «አዲሱ» አልኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ። ጋሼ ሰይድ ቀስ ብለው ጊታሩን በካፖርቱ ጠቀለሉና «ኸይር ነው» ብለው ወጡ።

አዲሱ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ቀይ! ካርቶኑ ሲከፈት የቀለሙ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ እኛ ጨበጨብን። እጄን ስዘረጋ ግን የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መትቶ መለሰኝ። በሞዴል አሥራ ዘጠኝ ገቢ የሆነ ዕቃ በሞዴል ሃያ ሁለት ካልሆነ አይወጣም፤ ሞዴል ሃያ ሁለት ላይ ደግሞ ተማሪ አይፈርምም። ዳይሬክተሩም «ላስቲኩ እንዳይነሳ፣ ውድድሩ ድረስ እንዳይጫር» ብለው ቢሯቸው ቆለፉበት። እንግዳ ሲመጣ ቁም ሳጥኑ ይከፈታል፣ «ቤዛችን ይኼ ነው» ይባላል፣ መልሶ ይዘጋል። እኛ ሰዎች እኮ አዲስ ነገር አይሆንልንም! ሶፋውን ከነላስቲኩ እናስረጀዋለን፣ ጥሩውን ብርጭቆ ላልመጣ እንግዳ አስቀምጠን በተሸረፈው እንጠጣለን። ከውድድሩ በፊት ያን ጊታር ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የነካሁት፤ ያውም ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ፣ ላስቲኩ ክንዴ ሥር እየተንኮሻኮሸ።

በቀረው ጊዜ የምለማመደው ጣውላ ላይ አራት መስመር አስምሬ ነበር። ወደ ጋሼ ሰይድ ሱቅ ልመለስ? በምን ዓይኔ! በገበያው ዳር ሳልፍ እንኳ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሮጠው። ቆየት ብሎ ሱቃቸው ተዘግቶ አየሁት። አቀስታ ልጃቸው ጋ ሄደዋል አሉ።

ደሴ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን እንደ ምንም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ክሩ ላላ። አዲስ ክር እየተመታ ካልቆየ አይረጋም፤ ይህን ጋሼ ሰይድ መቶ ጊዜ ነግረውኛል። እኔ አንድ ነገር እመታለሁ፣ ከሞንታርቦው የሚወጣው ሌላ ነው። ዘነበች መዝፈኗን ሳታቆም ዞር ብላ አየችኝ። ሰው መጀመሪያ ተጉረመረመ፣ ቀጥሎ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከኛ በኋላ አቀስቶች ወጡ። ቤዙን የያዘው ከኔ የሚያንስ ቀጫጫ ልጅ ነው፤ የጊታሩ አንገት ላይ ጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሟል። ወዲያው አወቅኩት። አውራ ጣቱን ያሳረፈው ያ ቀለሙ ያለቀበት ቦታ ላይ ነው፤ የኔ ቦታ! አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ጋሼ ሰይድ ተቀምጠው በእግራቸው ምት ይይዛሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኛ ነን።

ከአዳራሹ ጀርባ ቀዩን ጊታር እንደያዝኩ ግድግዳ ተደግፌ ሳለቅስ ጋሼ ሰይድ መጡ። ያዩኝ አልመሰለኝም ነበር። ገና ሳያናግሩኝ «ጊታሩ ነው ያሳሳተኝ! ጊታሩ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። እኔ ነኝ እኮ የምጮኸው፣ በእሳቸው ላይ! ላስቲኩን በእጃቸው ዳበስ አድርገው «አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ዕቃው ምንም አላጠፋም።» ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ አቀስታ ልጆች ሄዱ። አፉ በሉኝ ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ለነገ አቆየኋት፣ ለክረምት አቆየኋት፤ ያንን ጊታር እንዳቆዩት እኔም ቃሌን ቆልፌ አቆየሁ። ጋሼ ሰይድ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከወር በኋላ ነው።

ዛሬ የሐና ጓደኞች ጊታር የሚቃኙት በስልካቸው ነው፤ ቪዲዮ ከፍተው ይማራሉ፣ በእርሳስ ጣታቸውን የሚመታ ሰው የላቸውም። ብዙ ነገር ተለውጧል። የዚያ ቁም ሳጥን ቁልፍ ግን አልተለወጠም፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ያን ዕለት ከምዝገባ ስንመለስ ሐናን በቀጥታ የሰፈሩ ልጅ ጋ ወሰድኳት። «ተጭሯል እኮ አባዬ» ብላ ፊቷን አጨማደደች። «ያዢውና ምቺው፣ ከዚያ ትፈርጃለሽ» አልኳት። መታችው፣ ሌላም መታች፣ ከዚያ አልለቅም አለች። እሱን ይዘን ገባን። ትናንት ከሰዓት ግን ክፍሏ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ እየተሳሳተች፣ እየደጋገመች ቆየችና ተናዳ ጮኸች፤ «ይኼ አሮጌ ነው የሚያሳስተኝ!» በሩን ከፈትኩ። ልቆጣት ነበር የገባሁት።

«ልጄ፣ ዕቃው ምንም አላጠፋም» አልኳት። እንባዬን እንዳታይ በሩን መልሼ ዘጋሁት።