ጃንጥላ የተያዘለት ሸንኮራ

ጋሽ ወንድሜነህ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሸንኮራ ሲያጠጡ ኖረው፣ አንድም አገዳ ከመሬት ቆርጠው አያውቁም። ይህን ሲናገሩ ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም። አዋሽ ዳር ባለ ትልቅ የስኳር እርሻ የመስኖ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ቆረጣ ደግሞ ሌላ ክፍል ነው። ሸንኮራው ሲደርስ ስኳሩ እንዲጠነክር ውኃው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ጋሽ ወንድሜነህ ቦዩን ዘግተው፣ ፈርመው፣ ወደሚቀጥለው ማሳ ይሄዳሉ። በቃ! እሳቸው ያሳደጉትን ልጅ ሌላ ሰው ይድረዋል።

አሁን ፈረንጅ አገር፣ በርክ በምትባል ከተማ ከልጃቸው ከሀሴት ጋር ይኖራሉ፤ ሥራቸው እዚያው አቅራቢያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ነው። ባለፈው ሚያዝያ ሀሴት ዊተን ካለ ገበያ ሸንኮራ ገዝታ መጣች። ልትልጠው ቢላዋ ስታነሳ፣ "እጅሽን ሰብስቢ!" ብለው ጮኹባት። ለዘር አንጓ አንጓውን ከፍለው ጓሮ ቀበሩት።

"ከመሞቴ በፊት ራሴ ያጠጣሁትን ራሴ እቆርጣለሁ" አሉ።

ሠላሳ ስድስት አገዳ በቀለ። አያያዙን ባያችሁ! ውኃ የሚሰጠው በጣሳ ተለክቶ ነው። "ውኃ ሲበዛ ጨው ከሥር ይወጣል፣ መሬት ይሞታል" ይላሉ። የደረቀ ቅጠል ማቃጠል እርም ነው፤ እዚያው መሬቱ ይለብሰዋል። ወጪና ገቢውን ተዉት። ሀሴት አንድ ቀን ቁጭ ብላ ብታሰላው፣ የዚያ ጓሮ አንድ ማንኪያ ስኳር ከአንድ ጥሩ ጫማ ይወደዳል።

"የመጀመሪያ ዓመት እንዲህ ነው" አሏት ኮስተር ብለው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የአገሩ ውርጭ ሳይመጣ ሊቆርጡት አስበው፣ በደንቡ መሠረት ውኃ ዘጉ። ሰማዩ ግን አልዘጋም። ሳምንት ሙሉ ዘነበ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወዋል፤ ጋሽ ወንድሜነህ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ሄደው ሠላሳ ስድስት ጃንጥላ ገዝተው መጡ፤ ለእያንዳንዱ አገዳ አንድ አንድ አሰሩለት። ወይ ጉድ! ለሚያየው ታቦት የወጣ ይመስላል።

ጥቅምት ላይ የሠፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ያው ኤችኦኤ የሚሉት፣ ቀርበው እንዲያስረዱ ጠራቸው። ሀሴት መኪና ውስጥ ለመነቻቸው።

"አባዬ፣ እርሻ ነው እንዳትል። እርሻ ካልክ ያስነቅሉታል። ለጌጥ ነው በል፣ ፕሊስ።"

"ልዋሽ?"

"አንተ ዝም በል፤ እኔ አወራለሁ።"

አወራች። ሊቀመንበሯ ፎቶውን አገላብጣ አየችና በጣም ወደደችው። ጃንጥላዎቹ የሥነ ጥበብ ሥራ ተባሉ፤ ሸንኮራው ጌጥ ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ሀሴት በደስታ አባቷን ልታቅፍ ስትነሳ ሴትየዋ ቀጠለች፦ የጸደቀ ጌጥ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ነው። ፈቃድ የሚፈልግ ፎርም ይሞላል፤ መልሱ በአርባ አምስት ቀን ይደርሰዋል። በራሱ የወደቀ ብቻ ይነሳል።

አርባ አምስት ቀን! ውርጩ ለእሑድ ሌሊት ተነግሯል። ውርጭ የመታው ሸንኮራ ደግሞ ይሆመጥጣል፣ አለቀለት። ሀሴት ያዳነችው መስሏት ገደለችው።

ጋሽ ወንድሜነህ ግን ሸንኮራ እንዴት እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ውኃ ከጠገበ መሬቱ ይላላል፣ አገዳው ይጋደማል፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሲከላከሉት የኖሩት ጥፋት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የውኃ ጎማውን ጎትተው ለቀቁት። ጓሮው ጨቀየ። ውኃው በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ጎረቤት መፍሰስ ሲጀምር ግን እጃቸው ሮጦ ዘጋው።

"አልችልም፣ ሀሴት። እኔ በዚህ ጥፋት ሠራተኛ የቀጣሁ ሰውዬ ነኝ" አሉ፤ እንባቸው መጣ።

ሀሴት በካልሲዋ ጭቃው ውስጥ ገብታ አንዱን አገዳ በትከሻዋ ገፋችው። እምቢ አለ። ዞራ ጀርባዋን ሰጥታ በሙሉ ክብደቷ ተደገፈችው፤ ከነጃንጥላው ተዘረጋ፣ እሷም አብራው ተዘረጋች።

"አባዬ፣ ወደቀ" አለች ከጭቃው ውስጥ።

"በራሱ ነው?"

"በራሱ።"

ተንበርክከው በወጥ ቤት ቢላዋ ከሥሩ ቆረጡት። ልጠው ግማሹን ለእሷ ሰጧት፤ ግማሹን ገምጠው ለረጅም ጊዜ አኘኩ።

"ጣፈጠ?"

"በሰባት ወሩ ምን ይጣፍጣል! ሃያ ወር ይፈልጋል እኮ። ውኃ ውኃ ይላል።"

"ሶሪ፣ አባዬ።"

"ምን ሶሪ አለው?" አሉ ጋሽ ወንድሜነህ። "የኔ ውኃ ነው።" ደግመው ገመጡ።