ቀኝ ጉልበት

ባለፈው ቅዳሜ የፈረንጆቹን እግር ኳስ የሚጫወተው የኮሌጃችን ቡድን እንደ ልማዱ ተሸነፈ። ብሩክሄቨን ካለችው የወዳጃችን ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን ከበን ነበር ያየነው። አንዱ አሰልጣኙ ይባረር አለ፤ ሌላው ልጆቹ ጉልበት የላቸውም አለ። «አንተ የጥንቱ ደጋፊ፣ እስቲ ፍረድ» ሲሉኝ «በሽታው የቆየ ነው» ብዬ አለፍኩ። ኳሷን በሁለቱ ምሰሶዎች መሃል በእግሩ መላክ የነበረበት ልጅ፣ ኪከር የሚሉት፣ ስቶ ሲያቀረቅር ግን ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አነሳሁ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ የዚያ ቡድን ኪከር ጓደኛዬ ቢንያም ነበር። ከስደተኛ ካምፕ አብረን የመጣን ልጆች ነን። የእኛን እግር ኳስ ስንጫወት አሰልጣኙ አየውና ትምህርቱን በነጻ እንዲማር አድርጎ ወሰደው። ያኔም ቡድኑ ደካማ ነበር፤ ነጥብ ከተገኘ የሚገኘው በቢንያም እግር ነው።

እናቱ እትዬ አስካለ ይህን አያውቁም። ሳንዲ ስፕሪንግስ ሆስፒታል በጽዳት ይሠሩ ነበር፤ ልጃቸው በጉብዝናው በነጻ የሚማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ላይብረሪ የሚውል ይመስላቸዋል። ሰው በሰው ላይ የሚከመርበት ጨዋታ ውስጥ መግባቱን ቢሰሙ እንደማይፈቅዱ ቢንያም ያውቃል። ልጅ ሳለ ቀኝ ጉልበቱን ታሞ፣ ሐኪም ተስፋ ቆርጦበት፣ እሳቸው አዝለውት ከጠበል ጠበል ዞረው ነው የዳነው። ከዚያ ወዲህ እንዳስተማሩት ሲያማትብ መጨረሻ ላይ ጉልበቱን በመዳፉ ይነካል። ሜዳም ላይ ከመምታቱ በፊት እንዲሁ ያደርጋል።

ጥቅምት ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በረገፈ ቀይ ቅጠል ተሸፍኗል፤ እናቶች ጽጌን ይጾማሉ። ቅዳሜ ቢንያም ከቅርብ መትቶ ሳተና በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሽሮና የቲማቲም ፍትፍት ቀርቦልን ጎረምሶቹ «ትንተናህን አምጣ» አሉኝ። የቅዳሜውን ጨዋታ እሁድ በቀልድ የምተነትነው እኔ ነበርኩ፤ ሰው ሲስቅልኝ ደስታዬ ወሰን የለውም። ቢንያም ጠጋ ብሎ «ፕሊስ፣ ዛሬ ስኪፕ አድርገው፤ እማዬ እዚህ አለች» አለኝ። ስምህን አልጠራም ብዬ ቃል ገባሁለት።

ስሙንም አልጠራሁም። ሎሚ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አማተብኩ፣ ቀኝ ጉልበቴን በመዳፌ ነካሁና ሎሚዋን በእግሬ ጠረጴዛ ሥር ላክኋት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽሮ የሚያድሉት እትዬ አስካለም ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ቆመ።

«እስቲ ድገመው ልጄ» አሉኝ።

«ምኑን እትዬ?»

«ጉልበቱን።»

አልደገምኩም። እሳቸው ወደ ቢንያም ዞሩ፤ እሱ ወለል ወለሉን ያያል።

«ይሄን እግር ለዚህ ነው ከጠበል ጠበል ይዤው የተንከራተትኩት?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ነው ጓደኛዬን ያጋለጥኩት።

ቢንያም በማግስቱ የቡድኑን ልብስ መለሰ። ነጻ ትምህርቱም በዚያው ቀረ። እኔን አልተቆጣኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ዝም ስላለ እኔም ይቅርታ ሳልጠይቀው ዓመታት ሄዱ።

ዛሬ ደንዉዲ ውስጥ መኪና ይጠግናል፤ የእኔንም ጭምር። ጨዋታ አያይም፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ደውሎ ውጤቱን ይጠይቀኛል። ባለፈው ቅዳሜም ከሱቁ ሳልወጣ ደወለ።

«ዛሬስ?»

«ያው፣ ሉዝ አደረጉ። ኮቹ ነው ጥፋቱ።»

«ኪከሩ ሚስ አድርጎ ነው አሉ?»

ስልኩን ይዤ ከሱቁ ወጣሁ።

«ቀለዳችሁበት?»

«እኔ አልቀለድኩም» አልኩት።

«ጎሽ» አለኝና ስልኩን ዘጋ።

ሠላሳ ዓመት ስሸሸው የኖርኩት ወቀሳ በዚያች «ጎሽ» ውስጥ መጣ። ያ ቡድን ለምን እንደማያሸንፍ ሰው ሁሉ የራሱ ትንተና አለው፤ እኔ በተሸነፈ ቁጥር የሚታየኝ ያቺ ሎሚ ናት። ሰኞ መኪናዬን ይዤ ደንዉዲ እሄዳለሁ። መኪናዬ ምንም አልሆነም።